ባዶው ኮርቻ በሽታ ነውን?

ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ፣ የኮርቻ ቅርጽ ያለው የአጥንት ጎድጓዳ አለ። ፒቱታሪ ዕጢ የምትቀመጠው እዚያ ነው። ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ቢሆንም ታይሮይድንም፣ አድሬናልንም፣ የመራቢያ ዕጢዎችንም የምታዝዘው እሷ ናት። በአንዳንድ ሰው የጎድጓዳው ክዳን ይሳሳል፤ በአንጎል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ሰርጎ ይገባና ዕጢዋን ከወለሉ ጋር ያጣብቃታል። በኤምአርአይ ሲታይ ቦታው ባዶ ይመስላል። ሐኪሞች «ኤምፕቲ ሴላ»፣ ማለትም ባዶ ኮርቻ፣ ይሉታል።

ይህ በሽታ ነውን? እ.ኤ.አ. በ1951 ቡሽ የተባለ ተመራማሪ የፒቱታሪ ሕመም ያልታወቀባቸውን 788 አስከሬኖች መርምሮ በ40ዎቹ ይህንኑ አገኘ። በሽታ ማለት ከተለመደው ቅርጽ መውጣት ከሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ሳያውቁት ታመው ኖረዋል ልንል ነው። ልቡናዬ ይህን አይቀበልም። ዕጢዋ ተደፍጥጣም ሥራዋን ከሠራች ምን ጎደለ?

«እንግዲያ ያላቃሰተ አልታመመም» የሚል ይነሣ ይሆናል። እሱንም አልቀበልም። በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳትን እናት አስቡ። በእርግዝና ወራት ያደገችው ዕጢ ደም ሲያጥራት ትሞታለች፤ እንግሊዛዊው ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸው ነው። ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ብርድ ይበረታባታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል። እሷ ግን መጀመሪያ «የወሊድ ነገር ነው»፣ ቆይቶም «ዕድሜ ነው» ብላ ዓመታት ታሳልፋለች። ሴቶች ዛሬም በቤት በሚወልዱበት ገጠራችን ይህን የሚጠረጥር ማን አለ? የሞተችው ዕጢ ስትኮማተር ኮርቻው ባዶ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ኤምአርአይ ብትነሣ፣ ምስሏ ባዶ ኮርቻ ካላት ጤነኛ ጎረቤቷ ምስል ላይለይ ይችላል። አንዷ ምንም አልጎደላትም፤ ሌላዋን ግን አንድ ተራ ኢንፌክሽን ሊገድላት ይችላል። ስለዚህ ፍርዱን ከአጥንቱ አልጠብቅም፤ ደሟ ተመርምሮ ሆርሞኖቿ ይለኩ።

ይህን ስል ምስሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። ወፍራም የሆነች ሴት ራሷን እያመማት ዓይኗ ቢደበዝዝ፣ ባዶው ኮርቻ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊጠቁም ይችላል። በአፍንጫ የሚንጠባጠብ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽም ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍ።

«ባዶ ነው» የተባላችሁ፣ ከመደንገጣችሁ በፊት የሆርሞንና የዓይን ምርመራ ጠይቁ። የአድሬናሉ ሆርሞን ኮርቲዞልም የታይሮይድ ሆርሞንም ጎድለው ከተገኙ፣ መጀመሪያ የሚተካው ኮርቲዞል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መድኃኒቱ ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።