ተራራው ለማን ነው?

ሂማሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ለማየት ያሰበ ሰው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ ኔፓል ውስጥ 3,210 ሜትር ከፍታ ያለው ፑን ሂል፣ ሌላው 5,364 ሜትር ላይ የሚገኘው የኤቨረስት ወጪዎች መነሻ ሰፈር ነው። በዚህኛው የሚተነፈሰው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ግማሽ ያህል ነው። ጀማሪው ግን ስሙን ሰምቶ ይህንኑ ይመርጣል። ታዲያ የሚሄደው ለተራራው ነው ወይስ ለወሬው?

ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሚመከረው ሰውነት ለዝና ስለማይቸኩል ነው። ራሱን እየፈለጠው «ደህና ነኝ» የሚል መንገደኛ የሚዋሸው ራሱን ብቻ አይደለም፤ ሲወድቅ ተሸክሞት የሚወርደውም ነፍስ አለው።

እንግዲህ ልክን ማወቅ ፍርሃት አይደለም፤ ለሌላው ማሰብ ነው። ከፑን ሂልም ቢሆን ጎህ ሲቀድ 8,167 ሜትር ከፍታ ያለው ዳውላጊሪ ይታያል። ትልቁን ለማየት የግድ ትልቁ ላይ መውጣት አያሻም።