ቤቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው

በበጌምድር አገር መሽቶበት ከሰው ደጅ የደረሰ መንገደኛ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም ከየት መጣህ፥ የማን ወገን ነህ ብሎ ብዙ ሳይመረምር አስገብቶ፥ እግሩን አሳጥቦ፥ ከተገኘው አብልቶ፥ መደብ ለቆለት ያሳድረዋል። በማግሥቱ ሒሳብ የለም። ሆኖም ይህ መስተንግዶ ፈጽሞ ያለ ዋጋ የተሰጠ ነበር ማለት አይቻልም፤ ዛሬ አሳዳሪ የሆነው ሰው ነገ በሌላ አገር አዳሪ እንደሚሆን ያውቃልና፥ ዕዳው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፥ ሳይከፈልም ሳይሰረዝም ይኖር ነበር።

ከዚህ ዕዳ ፈጽሞ አልገባም የሚል መንገደኛ ደግሞ አለ። እርሱም ቤቱን በመንኰራኵር ላይ አድርጎ የሚጓዘው ነው። አልጋው፥ የጋዝ ምድጃው፥ የውሃ ማጠራቀሚያውና መታጠቢያው ኹሉ በአንድ መኪና ውስጥ ተሰናድቶለታል። አዲሱ ተጓዥ ቤት ዋጋው እጅግ ውድ ስለ ሆነ፥ ብዙዎች ሌላ ሰው የተገለገለበትን ይገዛሉ፤ አንዳንዱም ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ አገር ይገዛና ጉዞውን ከዚያው ይጀምራል፤ ሲጨርስም ለሌላ ሸጦ ይመለሳል። ከግብፅ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ለመድረስ የሚያስብ እንዲህ ያለ መንገደኛ፥ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ከዚያም በአማራ ክልል ጦርነት እስኪነሣ ድረስ፥ በመተማ ገብቶ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ በደራ ወረዳ ያለችውን ሐሙሲትን ሳያይ አያልፍም ነበር። የማደሪያው ጉዳይ አያስጨንቀውም። ከዛፍ ጥላ አጠገብ ያቆማል፥ መጋረጃውን ይጋርዳል፥ ይተኛል። እንዲህ ያለው ሰው «ለማንም ሸክም አልሆንም» ሲል እውነቱን ነውን?

አሳቡን ከመንቀፍ በፊት ሌላውን ዐይነት እንግዳ ማስታወስ ይገባል። የዚህ አገር ገበሬ በልመና ከሚገባው እንግዳ ይልቅ በትእዛዝ የሚገባውን አሳምሮ ያውቀዋል። ዐፄ ፋሲል በጎንደር ሳይቀመጡ በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን ነበረ፤ ከተማውም በሄደበት ኹሉ የሚበላው ከየአገሩ ጎተራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመንግሥታቸው መጀመሪያ ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ ገዝቶ እንዲበላ፥ ባላገሩንም እንዳይዘርፍ ሥርዐት ሊያቆሙ ሞክረው ነበር። ዳሩ ግን አገሩ እያመፀ፥ ግምጃ ቤቱም እየተራቈተ በሄደ ጊዜ በጌምድር ራሱ ተዘረፈ። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ እያስጐተቱ፥ ገደሉንም እየናዱ መንገድ እያሠሩ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። ያን ያህል ጊዜ ያ ኹሉ ሕዝብ ምን ይበላ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «ስንቄንና ማደሪያዬን ይዤ ልሂድ» የሚለውን መንገደኛ ሊንቀው አይገባም።

ነገር ግን ራሱን ችሎ ሊጓዝ የሚሻው ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ የማያውቀውን ሰው ቃል ማመን ግድ ይሆንበታል፤ ይኸውም በግዢው ጊዜ ነው። (በብዙ የአውሮፓ አገሮችማ ተጓዡን ቤት በስሙ ለማስመዝገብ የማይጓዝ ቤት አድራሻ ይጠየቃል፤ ነገሩ ያስቃል።) በእንዲህ ያለ መኪና ከሞተሩ ጉድለት ይልቅ የሚያስፈራው እርጥበት ነው። ውሃ በጣራው መጋጠሚያና በመስኮቱ ዙሪያ እየሰረገ በግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨት ለብዙ ዓመት ያበሰብሰዋል፤ ከላይ ቀለም ወይም ወረቀት ከተለበጠበት ግን የሚያየው የለም። ጎማውም እንዲሁ ነው። ተጓዥ ቤት የዓመቱን አብዛኛ ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ዕድሜው በጎኑ ላይ በ4 አኃዝ ተጽፏል፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ሻጩ ያውቃል፤ ገዢው ግን ጐንበስ ብሎ ማንበብ እንዳለበት ያስተማረው ከሌለ አያየውም።

ሻጩ ሳይዋሽ ዝም ቢል በደለኛ ነውን? ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ተገቢ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ፈላስፎችን በዚህ ነገር ያከራክራቸዋል። ሰውየው ቤት ይሸጣል፤ እንጨቱ የበሰበሰ፥ በየመኝታ ክፍሉ እባብ የሚታይበት፥ ለጤናም የማይስማማ መሆኑን ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ፥ ሻጭ ግዛ ብሎ ያስገደደው የለምና፥ አለመናገር ማታለል አይደለም ይላል። የጠርሴሱ አንቲጳጥሮስ ግን ይህ ለጠፋበት መንገደኛ መንገድ አለማሳየት ነው፤ ይህም በአቴና በአደባባይ የሚረገም ነውር ነው ይላል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ማዘዙ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ያስማማዋል።

ሐሙሲት ስሟ ራሱ ገበያ የሚቆምበትን ዕለት ያስታውሳል። እንዲህ ባለው ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፥ ያስረግጣታል፥ ከዚያም በኋላ ዋስ ይጠራል። ሻጩ ነውሯን ቢደብቅ ዋሱ ይጠየቃል፤ ለሻጩም የሚመጣው ሐሙስ ሩቅ አይደለም። የውጭ አገሩ ሻጭ ግን ገዢው በነገታው ባሕር ተሻግሮ እንደሚሄድ ያውቃል። ዋስ የለም፥ የሚመጣ ሐሙስም የለም። እንግዲህ ጽድቁ ከሰው ዐይን የማይመጣ መሆኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ዝም ያለው ሰው የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ብቻ መስሎት ይሆናል። ሒሳቡ ግን ከዚያ ያልፋል። ያ ያረጀ ጎማ ከወረታ ወደ ሐሙሲት ሲመጡ ባለው ሜዳ፥ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ፥ በክረምት ጭቃ ቢፈነዳ፥ ባለ ተጓዡ ቤት ምን ያደርጋል? መኪናው ከነዕቃው ከ3,000 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ብቻውን ገፍቶ አያወጣውም። የሚያወጡት የሰፈሩ ጎበዛዝት ናቸው፤ እርሻቸውን ትተው፥ ድንጋይ ተሸክመው፥ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው። መሽቶ ዝናቡ በበሰበሰው ጣራ ሲያፈስበት መደብ የሚለቀቅለት ከገበሬው ቤት ነው። በሩቅ አገር የተሸሸገውን ነውር ያቺ ቤት ተሸከመችው፤ ሻጩን አታውቀው፥ ከዋጋውም ድርሻ የላት።

ገዢውም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይወጣም፤ «ለማንም ሸክም አልሆንም» ሲል የሰፈሩን ሰው ከሒሳቡ ውስጥ አላገባውምና። የባሰው ደግሞ ምንም ሳይበላሽበት የሚያልፈው ነው። ከአንድ አጥር አጠገብ መኪናውን ያቆመ እንደ ሆነ የቤቱ እመቤት «ግቡ፥ ቡና ደርሷል» ትላለች። እርሱ ምድጃ አለው፥ ቡናም አለው፤ አመስግኖ መጋረጃውን ይስባል። ክፋት አላሰበም፤ ምናልባት ማስቸገር መስሎት ነው። እርሷ ግን ያቀረበችለት የሚያንሰውን ነገር አልነበረም፤ ያ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ዕዳ በእርሷም ደጅ እንዲያልፍ ፈልጋ ነው። አንሥቶ ማን ይመልስላታል?

ስለዚህ ቢገባ ይሻለዋል፤ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጥ። ሲወጣም በሩን ከፍቶ እርሷንና ባሏን፥ ከአጥሩ ሥር ሆነው ጎማውን ሲቈጥሩ የዋሉትንም ልጆች ወደ ተጓዡ ቤት ይጥራቸው። አልጋው ሲታጠፍ ጠረጴዛ እንደሚሆን፥ ውሃው ከቧንቧው እንዴት እንደሚወርድ ይዩ። ቤቱ ጠባብ ነውና ኹሉም በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲገቡ፥ የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ በደጁ ይቆማሉ።