የደከመ ሰውነትና የነፍስ ዓይን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ድካም ነው። ድካም ያልሁት በእግር ስንሄድ፥ ስንሸከም፥ ስንሮጥና ስንሰግድ የሚመጣውን የሥጋ ድካም ነው። ይህ ድካም ጉልበታችንን ብቻ ሳይሆን አስተያየታችንንና ፍርዳችንንም እንደሚነካ ከራሴ ጥፋት ተምሬአለሁና ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥቅምት 4 ቀን፥ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ዋዜማ፥ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዝቋላ ወጣን። ዝቋላ 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ በራሱ ላይ ሐይቅ የያዘ ተራራ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም፤ ውኃዬንም ገና ከግርጌው ጨርሼው ነበር። የዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ ጫፉም በቀረብሁት ቁጥር የሚሸሸኝ መሰለኝ። ጓደኞቼ ጥቂት ቀድመውኝ ሲሳሳቁ ብሰማ በእኔ የሚስቁ መሰለኝ። አንዱ ተመልሶ ከረጢቴን ሊቀበለኝ እጁን ቢዘረጋ፥ «ተወኝ! ጥለኸኝ ሄደህ አሁን ለመታየት ነው የመጣኸው?» አልሁት። እርሱ ግን ምንም ሳይመልስ ከረጢቱን ተቀበለኝ፤ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝና ዳቦ ቆሎና ውኃ ሰጠኝ። በምርኩዝ የሚወጡ አንዲት እናት ሰምተውን ኖሮ፥ «ልጄ፥ አንተ የተጣላኸው ከዳገቱ ጋር ነው፤ ወንድምህን ስለ ምን ትቆጣዋለህ?» ብለውኝ አለፉ።

ሩብ ሰዓት ያህል ካረፍሁ በኋላ ቀና ብዬ ባይ፥ ጫፉ በነበረበት አለ፤ ሩቅም አልነበረም። ጓደኞቼም ቆመው ይጠብቁኝ የነበረው እኔን ነው። ተራራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓይኔ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? የሕክምና ሊቃውንት ምክንያቱን ያስረዳሉ። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ የ20 ዓመት ወጣት በብርቱ ሲሮጥ ግን እስከ 200 ሊደርስ ይችላል። በዕረፍት ጊዜ ወደ ጡንቻዎች የሚሄደው ደም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፥ በከባድ ሥራ ጊዜ አብዛኛው ወደዚያ ይዞራል። ላብ ውኃውንና ጨውን ያወጣል፤ በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ስኳርም እያለቀ ይሄዳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ሰውነት በዕረፍት ከሚያጠፋው ኃይል አንድ አምስተኛውን ያህል ይወስዳል፤ ዋና ምግቡም ስኳር ነው። በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ስኳር፥ ውኃና አየር ሲጎድል ራስ ይዞራል፤ ዓይን ይጨልማል፤ ሰውም በትንሽ ነገር ይቆጣል።

እንዲህ ስል ድካም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራና ሩጫ የለመደ ልብ ይበረታል፤ በዕረፍትም ጊዜ ረጋ ብሎ ይመታል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሰውነቱን ለብዙ ጊዜ አድክሞ ስላሠለጠነው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቲያንን በሩጫ ከሚወዳደር ሰው ጋር አመሳስሎታል (1ኛ ቆሮ. 9፥24-27)። በሰሙነ ሕማማት የምንሰግደውም ሥጋን ለነፍስ ለማስገዛት ነው። እኔ የምለው፥ የደከመ ሰው ያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ አይፍረድ ነው።

ነቢዩ ኤልያስን ተመልከቱ። በቀርሜሎስ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ያልፈራው ይህ ሰው፥ ከዚያ በኋላ እስከ ኢይዝራኤል ድረስ በአክዓብ ሠረገላ ፊት ሮጠ። ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜም እስከ ቤርሳቤህ ሸሸ፤ ብላቴናውን በዚያ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄደ። በመጨረሻም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ ትምህርትም አልጀመረለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ለበኣል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ የነገረው ከእንቅልፉ፥ ከምግቡና ከ40 ቀን መንገዱ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 18-19)። አምላካችን ሥጋችንን የፈጠረ ነውና አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ስለ እኛ ሥጋ ለብሶ መንገድ አድክሞታል። በቀትር ጊዜ በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ፤ ተጠማም። ነገር ግን ሳምራዊቷን ሴት በቍጣ አላያትም፤ የነፍሷን ጥማት አየላት እንጂ (ዮሐ. 4)። እኛ ስንደክም የሚጠብበንን ዓይን እርሱ ሊያሰፋልን ይችላል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደክሟችሁ ሳለ ወዳጅ አትቁረጡ፤ ከማኅበር ወይም ከትምህርት ለመውጣት አትወስኑ፤ ተስፋም አትቁረጡ። በጾም ቀን ከሆነ ዝም በሉና ሰዓቱን ጠብቁ፤ አለዚያም ብሉ፥ ጠጡ፥ ጸልዩና ተኙ፤ ነገሩን በማግስቱ መርምሩት። ደግሞም እናታችን ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ውላ ማታ ክፉ ቃል ቢያመልጣት፥ የዳገቱ ቃል ነው ብለን እንለፈው። ከምክር በፊት ውኃ ማቀበል የመልአኩ ሥራ ነው።

በዚያች ሌሊት ከሐይቁ ዳር ከዚያ ወንድሜ እግር ላይ ወድቄ «ይቅር በለኝ» አልሁት። እርሱም አንሥቶኝ «ምን ብለኸኝ ነበር?» አለኝ። ሰምቶኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። እርሱም በዚያው ዳገት ደክሞት ነበርና፥ እስከ ዛሬ ድረስ ትምህርቴ ይህ መልሱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።