በማጀት የቀረችው ተማሪ

ግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ኃላፊዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። የጠሯቸው ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ናቸው። ያን ጊዜ በአህጉሩ ከመቶ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚያገኙት በአማካይ አርባ ያህሉ ነበሩ። ጉባኤተኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980 መቶውም ልጆች ይማራሉ የሚል ዕቅድ አጽድቀው ተለያዩ። 1980 መጣ፣ ሄደ። በ1990 ታይላንድ፣ ጆምቲየን ላይ «ትምህርት ለሁሉም» ተባለና ቀነ ገደቡ ወደ 2000 ተሻገረ። በ2000 ዳካር ላይ ወደ 2015 ተገፋ። በ2015 ደግሞ ደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቾን ላይ 2030 ተባለ።

ይህን የማነሳው በጉባኤዎቹ ለመሳለቅ አይደለም። ቀጠሮው እየተገፋም ቢሆን ሥራ ተሠርቷል። ማላዊ በ1994፣ ኡጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ሲያነሱ ክፍሎቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞሉ። በ2000 በመላው ዓለም ከትምህርት ቤት ውጭ የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ልጆች 100 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2015 ወደ 57 ሚሊዮን ወርደዋል። በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ሦስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ18 ሚሊዮን አልፏል። ኋላ ጦርነትና መፈናቀል ብዙውን አፈረሰው እንጂ፣ የተደረገው ቀላል አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውጭ የቀረች አንዲት ልጅ ግን አለች። ለመፈለግ ገጠር መውረድ አያስፈልግም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ መንገድ ዳር ብትቆሙ ታገኟታላችሁ። የአምስት ዓመት ሕፃን እጅ ይዛ፣ የእሱን ቦርሳና ምሳ ዕቃ ተሸክማ ትሄዳለች። ራሷ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው። ልጁን ለዘበኛው አስረክባ፣ በር ላይ ትንሽ ቆም ብላ ወደ ውስጥ ታይና ወደ ዕቃ አጠባዋ ትመለሳለች። ትምህርት ቤት በቀን ሁለቴ የምትሄድ፣ በሩን ግን አልፋ የማታውቅ ልጅ ናት።

ስለ እሷ ስንጠየቅ ሁላችንም አፋችን ላይ ያለው መልስ አንድ ነው፤ «እንደ ልጃችን ነው የምናያት።» እሺ፣ እንደ ልጃችሁ ከሆነች ፈተናው ቀላል ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደብተር የዘረጋው ማን ነው? ቆማ ሰሃን የምታነሳውስ ማን ናት? ልብስ ስለገዛንላትና ከምንበላው ስላበላናት ልጃችን አትሆንም። ልጅን ልጅ የሚያደርገው ነገ ምን ትሆናለች ብሎ የሚጨነቅላት ሰው መኖሩ ነው።

«እዚያው ገጠር ብትቀር ይብሳት ነበር» የሚሉም አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ከድርቅ፣ ከጦርነት፣ ወይም በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሊድሯት ካሰቡ ሰዎች አምልጣ የመጣች ልጅ በእርግጥ አለች። ግን ከክፉ ማምለጧ የእኛን ዕዳ አያነሳም። ደላላው ወይም አክስቷ ከወላጆቿ ስትወስዳት «ከተማ ትማራለች» ብላ ነው የወሰደቻት። አባትየው እሺ ያለው ለዚያች ቃል ሲል ነው። ቃሉን የገባነው እኛ ባንሆን እንኳ የምንጠቀምበት እኛ ነን።

እስቲ ደፍረን እንናገረው፤ ትልቅ ሰው ትተን ልጅ የምንቀጥረው ደመወዟ ትንሽ ስለሆነና አፍ ስለማትመልስ ነው። የደመወዝተኛ እናትን ችግር አልክድም። ሕፃን የሚያውልላት አጥታ፣ የአዋቂ ሠራተኛ ደመወዝ ከራሷ ደመወዝ ሊስተካከልባት ደርሶ የምትጨነቅ ሴት ብዙ ናት። ያንን ጭንቀት ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ማራገፍ መፍትሔ አይደለም። በቤሩት፣ በጅዳ፣ በዱባይ በእህቶቻችን ላይ የሚደርሰውን ስንሰማ እናነባለን፤ አሠሪዎቹንም እንረግማለን። ከሄዱት ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከመንገድ ያቋረጡ፣ የሰው ቤት ሥራን እዚሁ እኛ ዘንድ የጀመሩ ናቸው።

ሕጉም ቢሆን የሚለው አለው። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ነፃና ግዴታ ይሁን ይላል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የቤት ውስጥ አገልግሎት ለብቻው በደንብ ይወሰናል ተብሎ ስለተተወ ግን ማጀታችን ተቆጣጣሪ የማይደርስበት ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ራሳችን መሆን አለብን።

«ማታ ትማራለች» የሚለው መልስ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል፤ በማታ ተምረው ነርስና መምህር የሆኑ አሉ። ሆኖም ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ፣ ልብስ ስታጥብና ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለች ልጅ ምሽት ላይ ዴስክ ስታገኝ የሚመጣላት እንቅልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። በቀን የሚማሩት እንዲህ ከሆኑ፣ ደክማና ተኝታ የምትማረው ምን ትሆናለች? አቅም ያለው ሁሉ ቀን ያስተምራት። ፈረቃ ባለበት ከተማ ግማሹ ቀን ቤት ትውላለች፤ ቀሪውን ሥራ ቤተሰቡ ይከፋፈለው። የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ የበላበትን ሰሃን ቢያጥብ ክብሩ አይነካም። በአዲስ አበባ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ስለሚሰጡ የወጪ ሰበብ እምብዛም አያስኬድም።

ዕድሜዋ አልፏል የምትሉ ደግሞ ኬንያዊውን ኪማኒ ማሩጌን አስታውሱ። አገራቸው ክፍያ ባነሳች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ በ84 ዓመታቸው ኤልዶሬት ከተማ አንደኛ ክፍል ገብተው ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። በዓመቱ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ስለ ነፃ ትምህርት ተናግረዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ክፍል መግባቷ የሚያሳፍራት እኛ ስናሳፍራት ብቻ ነው።

መምህራንና ርዕሳነ መምህራንም ድርሻ አላችሁ። «ወላጅ ይምጣ፣ መሸኛ አምጪ» ተብላ ከቢሮ የተመለሰች ልጅ ተመልሳ አትመጣም፤ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጣት የለምና። ወረቀቱ እስኪደርስ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ። በውጭ አገር ያላችሁ፣ ለእህታችሁ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ የምትልኩ፣ በሚቀጥለው ስልክ ቤት ውስጥ ስላለችው ሌላዋ ልጅ ጠይቁ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠይቁ። ገንዘብ የሚልክ ሰው ሲጠይቅ ይሰማል።

እናንተ ቤት ያለች ከሆነ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ለወላጆቿ ደውሉ፤ የት ድረስ እንደተማረች ጠይቃችሁ፣ የቀድሞ ካርዷን አስልኩ። ካርድ ባይኖርም አትቅሩ። የልጃችሁን ስም ለማስመዝገብ በምትወጡበት ቀን እሷንም ይዛችሁ ውጡ፤ ቅጹ ላይ «አሳዳጊ» በሚለው ቦታ የራሳችሁን ስም ጽፋችሁ ፈርሙላት።