የወላጅ ዓይንና ባሕር

ሁለት ሕፃናት ይዞ ብቻውን ባሕር ዳር የሚውል ወላጅ ባሕሩን ያያል ወይ? ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በሩት 50 አውራ ጎዳና እስከ ኦሽን ሲቲ ሦስት ሰዓት ገደማ የነዳ ሰው ባሕሩን ሊያይ ካልሆነ ለምን ሄደ? እኔ ግን ከልጆቼ ጋር እዚያ ውዬ በተመለስኩ ቁጥር ስለ ባሕሩ የምናገረው አጣለሁ። ዓይኔ ላይ የሚቀረው የሁለቱ ልጆች ጭንቅላት ነው።

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው «የፍርድ ኃይል ሂስ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ታላቅነት ስሜት ጽፏል። የሚናወጥ ውቅያኖስ፣ ሊናድ የቃጣ ቋጥኝ፣ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና በፊታቸው ምን ያህል ደካሞች እንደሆንን ያሳዩናል፤ እንዲያም ሆኖ እነሱን ስንመለከት ነፍሳችን ከፍ ትላለች ይላል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጧል፦ ተመልካቹ ከአደጋው ርቆ በደህና ቦታ መቆም አለበት። ፍርሃት የያዘው ሰው ስለ ታላቅነት ሊፈርድ አይችልም።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ካንት ሳያገባና ሳይወልድ መኖሩ ትዝ ይለኛል። ለብቻው የቆመ ሰው ደህና መሆን አለመሆኑን እግሩ ያረፈበት ቦታ ይወስነዋል። የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ግን ደህንነቱ ከራሱ አካል ወጥቶ አሸዋው ላይ ይሮጣል። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ውኃው በገባ ቁጥር ደረቅ ፎጣ ላይ የተቀመጠው ወላጅም አብሮ ይገባል። ካንት ያዘጋጀው የተመልካች መቀመጫ ለዚህ ሰው የለም።

ነገሩ የሚጀምረው ገና መንገድ ላይ ነው። በሩት 50 የሚሄድ ሰው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይን ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው፣ መኪኖችን ወደ ምሥራቅ የሚያሻግረው ድልድይ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መካከሉ ላይ ከውኃው ከ50 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ዳር ይዞ መቆሚያም የለውም። ፈርተው፣ ገንዘብ ከፍለው በሌላ ሹፌር የሚሻገሩ ሰዎች አሉ። እዚያ ላይ አንዱ ልጅ «ሽንቴ መጣ» ሲል፣ ሌላው የውኃ ጠርሙሱ ወድቆበት ሲያለቅስ፣ የወላጅ እጅ መሪው ላይ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ጆሮው ኋላ ወንበር ላይ ነው። ከታች ስለተዘረጋው ውኃ የሚነግሩኝ ልጆቼ ናቸው፦ «ጀልባ! ይኸው ሌላ ጀልባ!»

ታዲያ ባሕሩን አላየሁም ማለት ነው? አይመስለኝም። በሩቅ ሆኖ ለሚደነቅ ሰው፣ ከሚፈርሱት ሞገዶች መካከል ጸጥ ብሎ የሚታየው የውኃ መስመር ውብ ነው። ልጅ የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ኃይል ያለው እዚያው ጸጥታው ውስጥ መሆኑን ያውቃል። ተመላሹ ሞገድ ከትንሽ እግር ሥር አሸዋውን እንዴት እንደሚጠርገው፣ መሬቱ የት ላይ ድንገት እንደሚጎደጉድ ያውቃል። ይህን ያስተማረው ጭንቀቱ ነው፤ ጭንቀቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ካንት ፍርሃት ዓይን ይጋርዳል ያለው ለራስ በሚፈራ ሰው ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሌላው የሚፈራ ሰው ግን አጥርቶ ያያል፤ ባሕሩን እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ኃይል ያውቀዋል።

ከአገር ቤት የመጣን ብዙዎቻችን ባሕርን ያየነው ከጎለመስን በኋላ መሆኑን እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ደጋ ያደግን፣ ዋና የማንችል ሰዎች፣ እዚህ አሜሪካ ተወልደው ውኃን የማይፈሩ ልጆች እንጠብቃለን። ይህ ከባድ ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ትንሹ መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ ትልቁን ከአሸዋ ቤቱ ላይ አንሥቶ፣ ዕቃውን ሁሉ ሰብስቦ አብሮ መሄድ ግድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይላል የአገራችን ሰው። ልጅም የጎረቤት ሁሉ በነበረበት ሰፈር ያደገ ወላጅ ይህ ተረት እውነት መሆኑን በኑሮው አይቶታል።

ጥበቃ ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም። ዳርሊና ላታኔ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ሙከራ፣ በሌላ ክፍል ያለ ሰው ታሞ ሲጣራ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ ለመርዳት ተነሡ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶው ብቻ ተነሡ። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ስድስት አዋቂ ባለበት ቤተሰብ ውስጥ እያንዳንዱ «እገሌ እያየው ነው» ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። ብቻውን የመጣው ወላጅ ይህ መዘናጋት የለበትም፤ ልጁን ማን እንደሚያየው ያውቃል። ብቻነት ቢያደክመውም እንኳ ይህን ግልጽነት ይሰጠዋል፤ ቀላል ነገር አይደለም።

ሸክሙን ሳይጥሉ መካፈል እንደሚቻል የሚያሳዩኝ ነፍስ አዳኞቹ ናቸው። በኦሽን ሲቲ በበጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እርስ በርስም በእጅ ባንዲራ ምልክት ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ የሚጠብቀውን ውኃ ያውቃል። ድካሙን የሚያቀልለው እንዲህ ያለ፣ ድርሻው የተለየ እገዛ ነው እንጂ የሰው ብዛት አይደለም።

ስለዚህ ብቻዋን ልጆች ይዛ የመጣች እናት አጠገባችሁ ብታዩ፣ «አይዞሽ፣ አለንልሽ» ብላችሁ አትለፏት። «ትልቁን እኔ አየዋለሁ፤ ከመጸዳጃ ቤት እስክትመለሺ ዓይኔን አልነቅልም» በሏት። ካላችኋት በኋላም ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ።