የራስ ንግድና እውነተኛ አርነት

በወለጋ ከተሞች ለሚነግዱና ሊነግዱ ለሚያስቡ ሁሉ የተጻፈ ምክር



በነቀምቴና በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በነጆ፥ በመንዲና በሻምቡ ባሉ በብዙ ወጣቶች ልብ አንድ ሐሳብ ይመላለሳል። ይኸውም፦ «የሰው ሎሌ ሆኜ እስከ መቼ እኖራለሁ? የራሴን ሱቅ ብከፍት፥ የራሴን ቡና ብነግድ፥ የራሴን ባጃጅ ባሠራ፥ ማንም አያዝዘኝም፤ አርነት እወጣለሁ» የሚል ነው። እንዲህ የሚለው ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰው መምህር ይሆናል፤ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይሆናል፤ ወይም በባንኮኒ ኋላ ቆሞ የሌላውን ገንዘብ የሚቈጥር ልጅ ይሆናል።

ይህን ሐሳብ ልንመረምረው እንጂ ልንንቀው አይገባንም። ሰው አርነትን መመኘቱ ኃጢአት አይደለምና። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በሰባተኛው ምዕራፍ፥ ባርያ የነበረ ሰው አርነት ሊወጣ ቢቻለው ያን እንዲጠቀምበት ይመክራል፤ ወዲያውም አስከትሎ፥ በዋጋ የተገዙ ሰዎች ተመልሰው የሰው ባሮች እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ በዚህ ምክር ሁለት ነገር አለ፤ አርነትን ማግኘትና አርነትን መጠበቅ። ብዙዎች ስለ ፊተኛው ይደክማሉ፤ ስለ ኋለኛው ግን አያስቡም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አንደኛ። ሠርቶ ማደር የተከበረ መሆኑ

በአገራችን በቀደመው ዘመን ሠርቶ አዳሪ ይናቅ ነበር። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው ጠይብ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው ስም መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጁት፥ ማረሻ የሠራለትን ሰው እየሰደበ በዚያው ማረሻ የሚያርስ ሰው ስለ በዛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን ክብር አስቀድሞ ሰጥቶታል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበር፤ ልድያም ቀይ ሐር የምትሸጥ ነጋዴ ሆና ቤትዋን ለወንጌል መልእክተኞች ከፍታለች።

በእውነትም የራስ ሥራ የሚሰጠው አርነት አለ። ደጅ ከመጥናት ያሳርፋል። ለሹመት ወይም ለደመወዝ ጭማሪ ሲል የማይወደውን ሰው የሚያመሰግን፥ ሐሰት መሆኑን በሚያውቀው ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው፥ በገዛ እጁ ያገኘውን እንጀራ ቢበላ ምላሱ ከሽንገላ ይፈታል። ባልዋ የሞተባት ሴት በገበያ ሸቀጥዋን ዘርግታ ልጆችዋን ስታስተምር፥ ከዘመድ ደጅ ቆሞ ከመለመን ትድናለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገንበት።

ሁለተኛ። ጌታን መለወጥ አርነት አለመሆኑ

ነገር ግን «ማንም አያዝዘኝም» የሚለውን ቃል እንመልከት። አንድ ሰው በጊምቢ የጸሐፊነቱን ሥራ ትቶ ቡና አቅራቢ ሆነ እንበል። ከገበሬው ጀንፈል በፈረሱላ ይገዛል፥ ያስፈለፍላል፥ ጭኖም ወደ አዲስ አበባ ይልካል። በከተማው ውስጥ አለቃ የለውም። ዋጋውን የሚቈርጠው ግን ማን ነው? የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ በነቀምቴ የቀድሞ አጠራር «ለቀምት» እየተባለ ይሸጣል፤ ዋጋውም በሩቅ አገር በኒው ዮርክ ገበያ ከሚቈረጠው ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በ1989 በቡና ሻጭና በቡና ገዥ አገሮች መካከል የነበረው የኮታ ስምምነት በፈረሰ ጊዜ የቡና ዋጋ በዓለም ሁሉ ወደቀ፤ በተራራችን ላይ ቡና የሚለቅም ሰው ግን የውድቀቱን ምክንያት አላወቀም። ጸሐፊ ሳለ አንድ አለቃ ነበረው፤ ፊቱንም እያየ ይለምነው ነበር። ነጋዴ ሲሆን ግን ፊቱን የማያየው፥ ልመናውንም የማይሰማ ጌታ ሆነበት።

በአያቶቻችንም ዘመን ነገሩ እንዲሁ ነበር። በ1902 ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ የምዕራቡ ቡና በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። መርከቡ ግን የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ነበረ፤ ወንዙ በጎደለ ጊዜ ነጋዴው ይጠብቃል እንጂ ወንዙን አያዝዝም። በ1975 የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት በአዋጅ በተወረሰ ጊዜ፥ በቤት ኪራይ የተማመነው ሁሉ መተማመኛው በአንድ ቀን ቃል ከእጁ ወጣ። በ2020 መጀመሪያ ወራትም በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፥ ዕቃ አዝዞ ለሚያስመጣ ነጋዴ መንገዱ ጨለመበት።

ይህን የምጽፍልህ ከንግድ ላስፈራህ አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ነግደው ለማትረፍ የሚያቅዱትን ሰዎች፥ የነገን ቀን እንደማያውቁ አስቦ እቅዳቸውን ለጌታ ፈቃድ እንዲያስገዙ ይነግራቸዋል እንጂ ንግዱን አይከለክላቸውም። በአገራችን «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። ነገር ግን ገንዘብ በምድር ያለውን መንገድ እንኳ ሁልጊዜ እንደማይከፍት በዓይናችን አይተናል። አርነቱን በገንዘቡ ላይ የመሠረተ ሰው ገንዘቡ በተናወጠ ጊዜ ሁሉ አብሮ ይናወጣል።

ሦስተኛ። ነጋዴን ባርያ የሚያደርጉት ነገሮች

ወንዝና የዓለም ዋጋ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ነጋዴ ግን በገዛ እጁ የሚገባባቸው ሦስት ሰንሰለቶች አሉ።

የመጀመሪያው ዕዳ ነው። ተበዳሪ ለአበዳሪው ባርያ እንደሚሆን ጠቢቡ በምሳሌ መጽሐፍ በሀያ ሁለተኛው ምዕራፍ ያስተምራል። ከአለቃ እሸሻለሁ ብሎ አራጣ ለሚያበድር ሰው ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ስንት ነው! አለቃ በመሸ ጊዜ ያሰናብታል፤ አራጣ ግን ሌሊትም ይቈጥራል። ወዳጄ ሆይ፥ በእቍብ ወይም በቍጠባ ባከማቸኸው በትንሹ ጀምር። የሱቁን ገንዘብና የቤቱን ገንዘብ ለይተህ በመዝገብ ጻፍ። የሱቁን ገንዘብ እንደ ትርፍ ቈጥሮ ለድግስና ለልብስ የሚያወጣ፥ ከራሱ የሚሰርቅ ሌባ ነውና።

ሁለተኛው የሐሰት ሚዛን ነው። ጀንፈሉን ውሃ አርከፍክፎ ማክበድ፥ የከረመውን ከአዲሱ መቀላቀል፥ ከገበሬው ሲገዙ በአንድ ሚዛን፥ ሲሸጡ በሌላ ሚዛን መመዘን በገበያችን የሚታወቅ ነገር ነው። «ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እኔ ብቻዬን እውነተኛ ብሆን እከስራለሁ» ትለኛለህ። ከእውነትህ የተነሣ ልትከስር እንደምትችል አልሰውርህም። አንዳንድ ዘመን ለጻድቅ ነጋዴ ጠባብ ነው። ነገር ግን የሚያታልለውን ሰው ተመልከት። የገበሬውን ዓይን ይፈራል፥ መርማሪውን ይፈራል፥ የሚያውቅበትንም ሠራተኛ ይፈራል፤ ከሥራ እንኳ ሊያሰናብተው አይደፍርም። ሁለት ሚዛን ያለው ሰው በምን አርነት አለው? ሚዛኑ አንድ የሆነ ሰው ግን ምንም እንኳ ትርፉ ቢያንስ፥ በቀንም በሌሊትም ማንም ሱቁን ቢያንኳኳ አይደነግጥም።

ሦስተኛው በሩን መዝጋት አለመቻል ነው። ነቢዩ አሞጽ በስምንተኛው ምዕራፍ፥ ሰንበት እስኪያልፍ ድረስ ልባቸው የሚቸኵል ነጋዴዎችን ይወቅሳል። በጸሎት ቦታ ተቀምጠው ሳሉ ልባቸው በእህሉ መስፈሪያ ላይ ነበረ። በሰው ሱቅ የሚሠራ ልጅ ጌታው ካላሰናበተው አያርፍም። ባለ ሱቁን ግን ማን ከለከለው? የሱቁን ቍልፍ በኪሱ ይዞ ሳለ ለመዝጋት የማይደፍር ሰው፥ ቍልፉ እርሱን ይዞታል እንጂ እርሱ ቍልፉን አልያዘም። ጎረቤቱ ሲሞት ለቀብር የማይወጣ፥ ልጁ ሲታመም ከአጠገቡ የማይቀመጥ፥ እሑድን ከሰኞ የማይለይ ነጋዴ፥ አለቃውን ትቶ በገዛ ራሱ ላይ ከፊተኛው የከፋ አለቃ ሾመ።

አራተኛ። በአንተ አርነት ሌላው ባርያ እንዳይሆን

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ በጥንቃቄ አንብበው።

በወለጋ መንገዶች ላይ በቀድሞ ዘመን ቡናና ማር፥ ቆዳና ዝባድ ብቻ አይነገድም ነበር፤ ሰውም ይነገድ ነበር። ሰውን የሚነግዱት ሰዎች በዘመናቸው የገዛ ራሳቸው ጌቶች ነበሩ፤ የራሳቸው ገንዘብ፥ የራሳቸው በቅሎ፥ የራሳቸው ትርፍ ነበራቸው። ማንም አያዝዛቸውም ነበር። የእነርሱ አርነት ግን በሕፃናት አንገት ላይ ቀንበር ሆነ።

ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ በኢሉባቦር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ከወገኖቹ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 በምጽዋ አርነት ወጣ። በ1872 በተጠመቀ ጊዜም ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ይህ ነው። አዲስ ኪዳንን በ1893፥ መላውንም መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በኦሮምኛ ቋንቋ አሳተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ አስተማረ፤ በ1931 በዚያው ዐረፈ። በሥራው የረዳችው አስቴር ጋኖም በልጅነትዋ ባርያ ነበረች፤ በ1886 ነጻ ወጥታ፥ ለትርጕሙ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ በነቀምቴም ልጆችን አስተማረች። እንግዲህ አስተውል፤ ወለጋን በቋንቋዋ ማንበብ ያስተማሩአት አንድ ጊዜ ሸቀጥ ሆነው በገበያ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እነርሱ አርነታቸውን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩም።

ኦኔሲሞስ የሚለውም ስም የተወሰደው ጳውሎስ ለፊልሞና ከጻፈው አጭር መልእክት ነው። በዚያ መልእክት ጳውሎስ፥ ከጌታው የኰበለለውን አገልጋይ ጌታው እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ይለምናል። ሠራተኛ የሚቀጥር ክርስቲያን ሁሉ ይህን መልእክት በሱቁ መዝገብ አጠገብ ቢያኖረው መልካም ነው።

ባርነት በአገራችን በ1942 በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፥ ከገጠር ያመጣኸው ልጅ በሱቅህ ይተኛልን? ጎሕ ሳይቀድ ይነሣልን? ደመወዙ «ለአባትህ እልካለሁ» እየተባለ ከወር ወደ ወር ይተላለፋልን? የማታ ትምህርት ልግባ ቢልህ ትቈጣለህን? አንተ ከአለቃህ ፊት አርነት የወጣኸው ይህን ልጅ በስፍራህ ለማቆም እንደ ሆነ፥ በከተማችን የባርያ ቍጥር አልጐደለም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ያዕቆብ በአምስተኛው ምዕራፍ፥ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ይናገራል። አለቃህ በበደለህ ጊዜ የጮኽኸውን ጩኸት አስታውስ፤ ዛሬ ያን ጩኸት የሚጮኸው ልጅ በባንኮኒህ ኋላ ቆሞ ይሆናልና።

የራስ ንግድ ሥልጣን ይሰጣል፤ ሥልጣንና አርነት ግን አንድ አይደሉም። ሥልጣን ሌላውን ማዘዝ ነው፤ አርነት ራስን ማዘዝና ሌላውን መፍታት ነው።

የመጨረሻ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ የራስህን ሥራ ልትጀምር ብታስብ አስቀድመህ ልብህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ። የምሸሸው ከሥራ ነው ወይስ ከሽንገላ? የምጀምረው ባለኝ ነው ወይስ በአራጣ? ለገበሬውና ለገዥው አንድ ሚዛን ይኖረኛልን? በሰንበት በሬን ዘግቼ ልቤን ደግሞ መዝጋት ይቻለኛልን? የምቀጥረው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ቢነሣ፥ ደስ ብሎኝ እመርቀዋለሁን?

ለእነዚህ በእውነት መልስ ካለህ፥ ሂድና ነግድ፤ እግዚአብሔር ይርዳህ። መልስ ከሌለህም አትቸኵል። በሰው ሥር የሚሠራ ሰው ሁሉ ባርያ አይደለም። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት አገልጋይ ሳለ፥ ኃጢአትን እንቢ ለማለት አርነት ነበረው፤ የጲጥፋራ ሚስት ግን እመቤት ሆና ሳለ የምኞትዋ ባርያ ነበረች። ክርስቶስ አርነት ያወጣው ሰው በመሥሪያ ቤትም፥ በእርሻም፥ በሱቅም አርነት አለው፤ ሱቁ ቢዘጋበት እንኳ አርነቱ አይዘጋም።

ጌታ ሆይ፥ በወለጋ ገበያዎች የሚወጡትንና የሚገቡትን ጠብቃቸው። ሚዛናቸውን አቅናላቸው፤ ከአራጣና ከስስት ሰንሰለት ፍታቸው። እነርሱም በሥራቸው ያሉትን ይፍቱ ዘንድ ልብ ስጣቸው። አሜን።