ግራሩን ተዉት

በቅርቡ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ላንጋኖን አለፍ ብሎ አንድ ቪ ኤይት መኪና መንገድ ዳር ቆሟል። ደህና የለበሰ ሰው ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ሲዝናና ሰንብቶ የሚመለስ ይመስላል። አፉ በሳር ተከድኖ በገመድ የተሸበበውን የከሰል ማዳበሪያ በእግሩ ነካ እያደረገ «ግራር ነው አይደል? ግራር ካልሆነ አልወስድም» ይላል። «ግራር ነው ጋሼ» አለችው ሻጯ ልጅ። ያቺኑ የደኻ ልጅ ተከራክሮ ዋጋውን አስቀነሰና አራት ማዳበሪያ አስጭኖ ሄደ።

በልጅቷ አልፈርድም፤ እሷ የምትበላው ቸግሯት ነው። ቤቱ ኤሌክትሪክና ጋዝ እያለው፣ ለቡና ፍም ሲል ግራር አማርጦ የሚገዛው ግን በምን ያመካኛል? በእኛ አገር አከሳሰል፣ እንጨቱ በአፈር ታፍኖ ሲነድ፣ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት ያልቃል። እንግዲህ አራት ማዳበሪያ ከሰል ስንት ግራር እንደሆነ አስሉት! በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የነበረው ግራር እንኳ በከሰልና በእርሻ ተመናምኗል። ፓርክ ተብሎ የተከለለው!

ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በዛ፣ ዝናቡ ተዛባ እያልን እናማርራለን። ለምን አይበዛ? ዛፍ በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ ወደ አየር ይመልሳል፤ አካባቢውን የሚያቀዘቅዘው፣ ለዝናብም የሚተርፈው ያ እርጥበት ነው። ዛፉ ሲነሳ መሬቱ ፀሐዩን ራቁቱን ይቀበላል። በግንዱ ለዓመታት ያጠራቀመው ካርቦን ጭስ ሆኖ ይበተናል። ዝናብ ቢጥልም አፈሩን ጠራርጎ ሐይቅ ውስጥ ይከተዋል። ሐሮማያን ረሳችሁት? ሐረርን ያጠጣ የነበረ ሐይቅ፣ ዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ ደለል ሞላው፤ ውሃውን ለከተማ፣ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ጨለጥነው፤ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

አባቶቻችን በደብር ቅጥር ውስጥ ዛፍ መቁረጥን ነውር አድርገው ጠብቀዋል። በደቡብ ጎንደር ከተራቆተው እርሻ መካከል ወይራና ጥድ ተሰብስቦ ካያችሁ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው። እኛ ልጆቻቸው ግን ከቅጥሩ ስንወጣ ፈሪሃ እግዚአብሔሩን በር ላይ ጥለነው እንወጣለን። ዝናብ ሲጠፋ እግዚኦታ እንይዛለን። እግዚኦታውስ መልካም ነበር፤ ወደ ሰማይ የሚዘረጋው እጅ ግን ያው ግራሩን የቆረጠው፣ ያስቆረጠው እጅ ነው። እግዚአብሔርን አናፍርም እንዴ?

«ችግኝ እየተከልን አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። መትከሉን የሚጠላ የለም። እኔ ግን ፕላስቲኩን እንኳ ሳይቀድዱ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ወሽቀው፣ ፎቶ ተነስተው የሚሄዱ ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ሥሩ ታንቆ ይሞታል እኮ! ከዚያ የተረፈው ላይ መስከረም ሲጠባ ከብት ይለቀቅበታል፤ ጥር ላይ አንድ ጆግ ውሃ የሚያፈስለት የለም። በዓመቱ ያው ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ያው ፎቶ ይነሳል። ተዉ እንጂ! የተከለ ሰው በበጋ ሄዶ ችግኙን ይይ። ከብት የሚገባበትን ይጠር፣ የደረቀውን ይተካ፤ ይህን ካላደረገ ተከልኩ ብሎ አያውራ።